ጠቋሚው ቀስት ከመጣ ወዲህ

ከእራት በኋላ በየመኝታ ክፍላችን ከሚነሡት ክርክሮች መካከል መቋጫ ያልተገኘለት አንዱ «የፊተኛው ይሻላል ወይስ የኋለኛው?» የሚለው ነው። ስለ ኳስ ቡድን ሲነሣ ጩኸቱ ይበረታል፤ ስለ መምህራን ሲነሣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሲነሣ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። አንዱ ወገን «አዲሱ መልኩ ያማረ፣ አያያዙም የቀለለ ስለሆነ ይበልጣል» ይላል። ሌላው ወገን «ድሮ ቀረ!» ብሎ ይመልሳል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኛም ክርክሩን ከሥሩ ለማየት አስበናል። አንድ ጨዋታ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እየተባለ ሲቀጥል ምኑ ይለወጣል? ለውጡስ ለተጫዋቹ ምን ያደርግለታል፣ ምንስ ያደርግበታል?

የምንናገረው ስለ ጨዋታ ሁሉ አይደለም። የኳሱንና የመኪና እሽቅድድሙን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። የኛ ነገር በፈረንጅ አፍ «ሮል ፕሌይንግ ጌም»፣ ባጭሩ «አር ፒ ጂ» የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ተጫዋቹ በአንድ በልብ ወለድ ሰው ቦታ ይገባል፤ ስም ያወጣለታል፣ ሙያ ይመርጥለታል፣ ከድህነትና ከጀማሪነት ተነሥቶ አገር እስኪያውቀው ድረስ ያሳድገዋል። መንገዱን ሁሉ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ ቢያንስ ጨዋታው እንዲህ ብሎ ቃል ይገባል። (ስለ ጨዋታዎቹ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«እኛ» ማለታችንም ለጽሑፍ ወግ ያህል አይደለም። በእርግጥ ስድስት ነን። ዲላ ላይ በአንድ የመኝታ ክፍል ተደልድለን የተገናኘን፣ በትውልድ አገርም በትምህርት ክፍልም የማንገናኝ ስድስት ተማሪዎች ነን። ያለን ላፕቶፕ ግን አንድ ነው፤ እሱም ከአንደኛችን ታላቅ ወንድም በውርስ የመጣ፣ ባትሪው የሞተ፣ ከግድግዳው ሶኬት ከተነቀለ ወዲያው የሚጠፋ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሳናስቀምጠው የቀረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው «ሴቭ አድርግ!» የሚል ጩኸት በክፍላችን የተለመደ ነው።

የዚህ ላፕቶፕ እርጅና አንድ ያላሰብነውን ጥቅም ሰጠን። አቅም ያለው ኮምፒዩተር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ክፍል ነው፤ የፊተኞቹን በስም ብቻ ያውቃቸዋል። የኛ መሣሪያ ግን አዲሱን መሸከም ስለማይችል ከአሮጌው እንድንጀምር አስገደደን። በመሆኑም «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ ከሦስተኛው ክፍል ጀምረን በቅደም ተከተል ወረድን። ሦስተኛው በ2002 የወጣው «ሞሮዊንድ»፣ አራተኛው በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን»፣ አምስተኛው በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ለማመዛዘን የበቃነው በድህነታችን ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

«ሞሮዊንድ» ሲጀመር ተጫዋቹ እስረኛ ነው። በመርከብ አምጥተው ሴይዳ ኒን በምትባል አንዲት ጭቃማ የወደብ መንደር ያራግፉታል። ባልሞራ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ለአንድ ሰው ጥቅል እንዲያደርስ ይታዘዛል። ሰውየው የት እንደሚኖር ግን አልተነገረውም፤ ከተማዋ ደርሶ በአንድ መጠጥ ቤት እንዲጠይቅ ብቻ ነው የተመከረው። ከዚያ በኋላም ነገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። አንዱ «ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ሰሜን ታጠፍ» ይላል፤ ሌላው «ሁለቱን ቋጥኞች ስታይ በመካከላቸው ግባ» ይላል። ንግግሩ በአብዛኛው ጽሑፍ ነው፤ የተባለው በማስታወሻ ደብተር ይመዘገባል፤ ፈልጎ ማግኘት የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

በዚህ ጊዜ ክፍላችን ውስጥ ሥራ ለሁሉ ተዳረሰ። እንግሊዝኛው የሚሻለው አንባቢ ሆነ፤ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ሥነ ሕንፃ የሚያጠናው ጓደኛችን ካርታ ሠሪ ሆነ፤ በአገልግሎት ካለፉ ሃንድአውቶች ጀርባ ላይ መንገዱን፣ ወንዙንና ፍርስራሹን እየሣለ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ይለጥፋል። አንዱ የገንዘብና የመድኃኒት ሒሳብ ይይዛል። አንዱ ቁልፉን ይመታል። የቀሩት ሁለቱ አማካሪዎች ናቸው፤ ማለትም ይጨቃጨቃሉ። አርክንግታንድ በሚባል ፍርስራሽ ውስጥ ከመደርደሪያ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሣጥን ለማግኘት ሁለት ማታ ፈጅቶብናል። ያገኛት ቁልፉን የሚመታው ሳይሆን ከአልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይመለከት የነበረው ነው። የዚያን ማታ ጩኸት የጎረቤት ክፍሎች እስካሁን ያነሡብናል።

ከስድስታችን አንዱ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከወናጎ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። እሱ በዚህ አካሄድ ምንም አልተደነቀም። «የኛም አገር እኮ መንገድ የሚገኘው እንዲሁ ነው» አለን። ቤቱ እንግድነት በሄድን ጊዜ እውነቱን መሆኑን አየን። የጌዴኦ ምድር ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና የሞላበት ነው። አገሩ የሰው ብዛት የሞላበት ሆኖ ሳለ፣ ቤቶቹ ግን አጠገባቸው እስኪደርሱ አይታዩም። ስለዚህ ሰው ጠያቂ ይሆናል። መንገድ ዳር ያገኘናቸው እናት «ከትልቁ ዛፍ ወደ ታች፣ ወንዙን ሳትሻገሩ» አሉን፤ ደግሞም ከየት እንደመጣን፣ የማን እንግዶች እንደሆንን ጠየቁን። ስንደርስ መምጣታችን ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። አቅጣጫን ከሰው አፍ የሚቀበል ሰው ከአቅጣጫው ጋር ሌላም ነገር ይቀበላል።

ወደ አራተኛው ክፍል እንሻገር። «ኦብሊቪየን» ከፊተኛው በመልኩ የሚወዳደር አይደለም፤ ሣሩ ይወዛወዛል፣ ሰዎቹም በቀን ወደ ሥራ፣ በማታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከሁሉ በላይ ሁሉም በድምፅ ይናገራሉ። ዳሩ ግን ይህ ድምፅ ዋጋ አለው። በጽሑፍ ብቻ የሚናገር ሰው ሦስት ገጽ ቢናገር የሚያስወጣው ቀለም እንኳ የለም፤ በድምፅ የሚናገር ግን ተዋናይ ይቀጠርለታል፣ ይቀረጻል፣ በዲስኩም ላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ንግግሩ ማጠር ነበረበት። ንግግሩ ሲያጥር አቅጣጫ መንገር አብሮ ቀረ። በቦታውም ከስክሪኑ ግርጌ ላይ ኮምፓስ፣ በኮምፓሱም ላይ የሚፈለገውን ነገር የሚያመለክት ጠቋሚ ቀስት መጣ። ወደ ዋና ዋና ከተሞችም በካርታው ላይ ጠቅ አድርጎ በአንድ ጊዜ መድረስ ከመጀመሪያው ተፈቀደ።

ሌላም የቀረ ነገር አለ። በ«ሞሮዊንድ» በአስማት ወደ አየር ተነሥቶ መንሳፈፍ ይቻል ነበር፤ በ«ኦብሊቪየን» ግን ተከለከለ። ምክንያቱ የተረት ሳይሆን የአሠራር ነው። የአዲሱ ጨዋታ ከተሞች ከውጭው ዓለም ተለይተው በየራሳቸው የሚጫኑ ስለሆኑ፣ ከግንቡ በላይ የሚንሳፈፍ ተጫዋች ቢኖር ከተማው ባዶ መሆኑን ባየ ነበር። የኋለኛው ሠሪ አንድን ነገር ሲያስቀር ሁልጊዜ ንቆት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ለማምጣት ሲል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የሚመጣው የወደቀው ከወረደው የበለጠ ውድ ሆኖ ሲገኝ ነው።

አንድ የሚያስቅም ለውጥ ነበረ። በአራተኛው ክፍል ጠላቶች ከተጫዋቹ ጋር አብረው ያድጋሉ። ተጫዋቹ ሲበረታ መንገድ ላይ የሚያደባው ተራ ሽፍታም የነገሥታት የሚመስል ውድ ጥሩር ለብሶ ይጠብቀዋል፤ ከዚያም 100 ወርቅ ካልሰጠኸኝ ይላል። ጥሩሩን ቢሸጠው ስንት 100 ወርቅ ይወጣዋል? የኢኮኖሚክስ ተማሪው ጓደኛችን ይህን ጥያቄ ለአንድ ሳምንት ሲያነሣ ሰንብቷል።

ከዚህ በኋላ «ስካይሪም» መጣ። የለውጡን አቅጣጫ በቁጥር ለማየት የሚሻ ሰው ይህን ይመልከት፦ በ1996 በወጣው በሁለተኛው ክፍል በ«ዳገርፎል» አንድ ሰው ሊማራቸው የሚችሉት ሙያዎች 35 ነበሩ፤ በሦስተኛው 27 ሆኑ፤ በአራተኛው 21፤ በአምስተኛው 18። በ«ሞሮዊንድ» ታሪኩን የሚሸከም ሰው ቢገደል ጨዋታው የትንቢቱ ክር መበጠሱን ይነግርሃል፤ ከፈለግህ ተመልሰህ ካስቀመጥህበት ጀምር፣ ካልፈለግህም ባበላሸኸው ዓለም ኑር ይልሃል። በኋለኞቹ ግን እንደዚህ ዓይነቱ ሰው አይሞትም፤ ጥቂት ተንበርክኮ ወይም ራሱን ስቶ ይነሣል። ተጫዋቹ እንዳያጠፋ ተጠብቋል። እንዳያጠፋ የተጠበቀ ሰው ግን መልካም ሲሠራስ ሥራው የማን ነው?

በክፍላችን የሆነው ይህ ነው። «ስካይሪም»ን ስንጀምር ልክ እንደ ልማዳችን ስድስታችን ከበብነው። አንባቢው የሚያነበው አጣ፤ ሰዎቹ ይናገራሉ፣ ከመናገራቸውም በፊት ቀስቱ ወጥቷል። ካርታ ሠሪው እርሳሱን ቀርጾ ጠበቀ፤ ነገር ግን የሚሣል አልነበረም። እንዲያውም ቀስቱን አጥፍተን በቃል ብቻ ለመሄድ ሞከርን፤ በብዙ ቦታ ግን አልተቻለም፤ ሰዎቹ «እገሌ ዋሻ ሂድ» ይላሉ እንጂ ዋሻው በየት በኩል እንደሆነ የሚናገር የለም። ቀስቱ መኖሩን ያወቀ ደራሲ ቃሉን አስቀርቶታል። በሁለተኛው ሳምንት ሁለታችን በዕንቅልፍ፣ አንዳችን በስልክ፣ ሁለታችን በጥናት ተለያየን። ቁልፉን የሚመታው ብቻ ቀረ። ማንም ማንንም አላስቀየመም፤ ጨዋታውም ክፉ አልነበረም። የስድስት ሰው የነበረው ሥራ የአንድ ሰው ሆነ፤ ያ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ «ድሮ ቀረ» ባዮቹ ረቱ ብሎ የሚደመድም አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ፍርድ የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ይፈልጋል። በመጀመሪያ፣ «ስካይሪም» እስከ 2023 ድረስ ከ60 ሚሊዮን በላይ መሸጡን ሠሪዎቹ ገልጸዋል። ከፊተኞቹ ይልቅ ለብዙ ሰው በሩን የከፈተ መሆኑ አይካድም። ከጎረቤት ክፍል አንድ ጓደኛ ነበረን፤ «ሞሮዊንድ»ን ስንጫወት ሦስት ማታ መጥቶ፣ በእንግሊዝኛው ብዛትና በጭቅጭቃችን ተሰላችቶ ቀረ። ይኸው ሰው «ስካይሪም»ን ብቻውን እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ተራራ ላይ ቆሞ በረዶ ሲወርድ ሲመለከት ያየው ሰው፣ ለእሱ ያ ጨዋታ ሐሰት ነበር ለማለት አይደፍርም። ቀስቱ ለእኛ የዘጋውን ለእሱ ከፍቶለታል።

ሁለተኛም፣ አምስተኛው ክፍል ያሻሻለው ነገር አለ። በ«ሞሮዊንድ» ገና ከመርከብ እንደወረድህ «ሙያህ ምንድን ነው?» ተብለህ ትጠየቃለህ። ምንም ሳታውቅ ወታደር ነኝ ወይም ጠንቋይ ነኝ ትላለህ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ዕድሜህን በዚያ ምርጫ ትኖራለህ። ምንነቱን ሳናውቅ የትምህርት ክፍል መርጠን ለምንማር ለእኛ ይህ ሁኔታ እንግዳ አይደለም። «ስካይሪም» ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ሰይፍ የያዘ ሰይፈኛ፣ መድኃኒት የቀመመ ቀማሚ ይሆናል፤ ሰው የሚሆነው የሠራውን ነው። ከፊተኛው ይልቅ ይህ አሠራር ለእውነት የቀረበ ይመስለናል።

ስለዚህ «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» የሚለው ሚዛን አያስኬደንም። ሌሎችን ተከታታይ ጨዋታዎች ብንመለከትም ይኸው ነው። በ1985 የወጣው «አልቲማ» ክፍል አራት ከፊተኞቹ ሦስት ክፍሎች ፈጽሞ ተለየ። በፊተኞቹ ክፉውን ጠላት ገድሎ መጨረስ ነበር፤ በአራተኛው ግን የሚገደል ዋና ጠላት የለም፤ ተጫዋቹ ስምንት በጎ ምግባሮችን በኑሮው እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ዕውር ሻጭን በሒሳብ ቢያታልል እንኳ ይቆጠርበታል። እዚህ ላይ ተከታዩ በተጫዋቹ ላይ ሥራ ጨመረበት እንጂ አልቀነሰለትም። ጃፓናዊው «ፋይናል ፋንታሲ» ደግሞ በየክፍሉ ዓለሙንና ሰዎቹን ሁሉ ጥሎ እንደገና ይጀምራል። በ1988 የወጣው ሁለተኛው ክፍል የፊተኛውን የደረጃ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ አስቀርቶ፣ ሰው በተጠቀመበት ሙያ ብቻ እንዲያድግ አደረገ፤ ብዙ ተጫዋቾች ስላልወደዱት ተከታዮቹ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ተከታይ መባል ሁልጊዜ ወደ ፊት መሄድ አይደለም ማለት ነው።

«ማስ ኢፌክት» የተባለው ደግሞ ሌላ መንገድ ወሰደ። በ2007፣ በ2010 እና በ2012 በወጡት ሦስት ክፍሎች የፊተኛው ምርጫ በፋይል ተቀምጦ ወደ ኋለኛው ይሻገራል። በአንደኛው ክፍል ያዳንኸው ሰው በሦስተኛው መጥቶ ያመሰግንሃል፤ ያስገደልኸውም ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሦስተኛው ክፍል ፍጻሜው ላይ ያ ሁሉ ምርጫ በጥቂት ተመሳሳይ መጨረሻዎች ተጠቃለለ በማለት ተጫዋቾች እጅግ ተቆጡ፤ ሠሪዎቹም በዚያው ዓመት ፍጻሜውን አስፍተውና አብራርተው እንደገና አወጡት። ቁጣው ስለ ምስሉ ማማር ወይም ስለ ውጊያው አልነበረም፤ «የሠራነው ሥራ የት ደረሰ?» የሚል ነበር።

እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ነው፦ ተከታዩ ክፍል መልኩን ይለውጥ፣ ውጊያውን ይለውጥ፣ ቢፈልግ ዓለሙንም ይለውጥ፤ ነገር ግን ለተጫዋቹ የሚሠራው ሥራ፣ የሚጠየቅበትም ነገር ትቶለታልን? ከወሰደበትስ በምትኩ ምን ሰጠው? ለማንስ ሰጠው?

ይህን ጥያቄ በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ማሰብ አያስፈልግም፤ ያለንበት አገር ራሱ ጥሩ ምሳሌ አለው። በጌዴኦ ዞን ቱቶ ፈላ በሚባለው ቦታ ከቆሙት ትክል ድንጋዮች መካከል፣ መጀመሪያ በወንድ አባለ ዘር አምሳል የተጠረቡ፣ በኋላ ዘመን ግን የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸው እንደገና የቆሙ ይገኛሉ። የኋለኛው ጠራቢ አሮጌውን ድንጋይ አልሰባበረም፤ እንዳለም አልተወውም። በፊተኛው ሥራ ላይ የራሱን ሥራ ጨመረ። ዛሬ የሚመለከተው ሰው ሁለቱንም እጆች በአንድ ድንጋይ ላይ ያያል። በባሌ ሥርዓትም ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ተከታዩ ይተላለፋል፤ አባ ገዳው ይለወጣል፣ ጉባኤው ግን ይቀጥላል። ተረካቢው የሚረከበው ወንበር ብቻ አይደለም፤ በሸንጎ ተቀምጦ ሰምቶ የመፍረድን ድካም ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የሰፈረው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናውና ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ጭምር ነው። ጠባቂው በየትውልዱ ካልሠራበት የሚቆይ ቅርስ አይደለም።

ከጌዴኦ ሸንጎ ወደ ተማሪ ቤት ብንመለስ፣ በየትም ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ የሚያውቀው አንድ ተከታታይ ነገር አለ፤ እርሱም ከታላላቆቻችን የምንወርሰው ማስታወሻ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ መጽሐፍ አንብቦ፣ መምህሩን ሰምቶ 40 ገጽ ይጽፋል እንበል። ተከታዩ 40ውን ወደ 20 ያሳጥረዋል። ሦስተኛው ለፈተና የሚመጣውን ብቻ መርጦ 8 ገጽ ያደርገዋል። አራተኛው በስልኩ ላይ የጥያቄና የመልስ ዝርዝር ብቻ ይቀበላል፤ ጥያቄ አንድ ሐ፣ ጥያቄ ሁለት ሀ። እያንዳንዱ ያደረገው ለተከታዩ በማዘን ነው፤ ክፉ አሳብ ያለበት አንድም የለም። ነገር ግን ከ35 ወደ 27፣ ከ27 ወደ 21፣ ከ21 ወደ 18 የሚወርደውን ቁጥር ያየ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። ቀስቱ ወደ «ሐ» ይጠቁማል፤ ዋሻው በየት በኩል እንደሆነ ግን የሚናገር ቃል ከወረቀቱ ጠፍቷል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ክሊኒክ ወይም መማሪያ ክፍል ውስጥ ስንቆም ግን ቀስት የሚያወጣልን የለም።

ይህን ስንል ታላላቆቻችን ምንም አያውርሱን ማለታችን አይደለም። ያለ ማስታወሻ ከዜሮ መጀመር ደግሞ ሌላ ግፍ ነው፤ በተለይም መጽሐፉን ለማግኘት አቅም ለሌለው። ጥያቄው ማውረስ ወይም አለማውረስ ሳይሆን ምን ማውረስ እንደሚገባ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌም አለ። «ባልዱርስ ጌት» የተባለው ጨዋታ ሁለተኛው ክፍል በ2000 ከወጣ በኋላ ሦስተኛው የመጣው በ2023 ነው፤ ያውም ሌላ ኩባንያ፣ ላሪያን፣ ሠርቶት። ይህ ጨዋታ 150 ጊጋባይት ቦታ ስለሚጠይቅ በኛ ላፕቶፕ ላይ መጫኑ ዝሆንን በጋሪ እንደመጫን ነው፤ ሰው ሲጫወተው ግን ተመልክተናል። ሁሉም ሰው በድምፅ ይናገራል፣ በካርታውም ላይ ምልክት አለ፤ ስለዚህ ቀላል አይደለም የሚለው ሰው ይሳሳታል። ዳሩ ግን ከባድ ነገር ሲሞከር ሃያ ገጽ ያለው ዛር በስክሪኑ ላይ ይንከባለላል፤ ዕድል ከጠመመች ውድቀቱን ተቀብሎ መቀጠል ይቻላል፤ ከዋና ሰዎች አንዱ ቢሞትም ታሪኩ ያለ እሱ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። እስከ 4 ሰዎችም አብረው ሊጫወቱት ይችላሉ። ድምፁንና ውበቱን ከአዲሱ ዘመን፣ ጥያቄውንና ጓደኝነቱን ከአሮጌው ወስዷል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም የሚለው ክርክር ፈርሷል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ከስድስታችን ሁለታችን ዘንድሮ እንመረቃለን። ላፕቶፑ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ጨዋታው ግን በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ለሚቀሩትና ለሚመጡት ይቀራል። በቁም ሣጥኑ በር ላይ የተለጠፈው የ«ሞሮዊንድ» ካርታስ? አሥራ አንድ ቅጠል ወረቀት ሆኗል፤ ዋሻው፣ መቃብሩ፣ ያቺ የአርክንግታንድ ሣጥንም ሳትቀር በቀይ እስክሪብቶ ተመልክታበታለች። ይህን ካርታ ለተከታዮቹ እንተውላቸው ወይስ አንተውላቸው በሚለው ነገር ስድስታችን ሁለት ማታ ተከራክረናል።

አንዱ ወገን «ያን ያህል የደከምንበት ሥራ ነው፤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም» አለ። ሌላው ወገን «ካርታውን ከሰጠናቸው እኛው ራሳችን ቀስት መሆናችን ነው» ብሎ መለሰ። የወናጎው ጓደኛችን በመጨረሻ ያቀረበው አሳብ በአራት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ አለፈ። ካርታው ይቀመጣል፤ ነገር ግን በሩ ላይ አይለጠፍም። በሚቀሩት በአራቱ እጅ ታጥፎ ይቆያል። ፈልጎ ያጣ፣ ቢያንስ ሁለት ማታ የደከመ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሄደ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ የጎደለችው አንዲት ቅጠል ብቻ ትታይለታለች። የማስታወሻ ደብተሮቻችንንም በዚሁ ሥርዓት ልናስረክብ ተስማምተናል፤ ሙሉውን ባለ 40 ገጹን፣ ከነመጽሐፉ ስም፣ መልሱን ሳንነቅል።

ሁለቱ ተቃዋሚዎች እስካሁን አልተረቱም። አንደኛው «ጠያቂው ለፈተና አንድ ማታ ብቻ የቀረው ቢሆንስ?» ይላል። ይህን ጥያቄ አጥጋቢ አድርገን አልመለስንለትም፤ ስለሆነም ለእናንተ አቅርበነዋል። በየክፍላችሁ ተከራክራችሁ የደረሳችሁበትን ለመጽሔቱ ብትልኩ በደስታ እናነበዋለን።